«ለዚህ በሽታ የሚሆን ቅጠል ንገሪኝ»፦ ስለ ዕፅዋት ሕክምና የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሥራዬ የዕፅዋት ሕክምና ነው። ታካሚ አያለሁ፣ ተማሪም አስተምራለሁ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ እንደ አንድ ጥያቄ ያሰለቸኝ የለም። «ለጨጓራ ምን ይሆናል?» «ለደም ግፊት የሚሆነውን ቅጠል ንገሪኝ።» «ለሪህ ፍቱኑ የቱ ነው?» ጠያቂው ዕድሜውን ሳይነግረኝ፣ ምን መድኃኒት እንደሚወስድ ሳያነሳ፣ መልሱን በአንድ ቃል ይጠብቃል። ሙያውን ለመማር የሚመጡትም አብዛኞቹ ደብተራቸው ላይ ረጅም ዝርዝር ይዘው ነው የሚመጡት፤ በግራ የበሽታው ስም፣ በቀኝ የዕፁ ስም። ዝርዝሩን ከሸመደዱ ማከም የሚችሉ ይመስላቸዋል። አይችሉም። ለምን እንደማይችሉ ደጋግሜ በቃል ከምናገር አንድ ጊዜ ልጻፈው ብዬ ነው።

«እያንዳንዱ በሽታ የራሱ ዕፅ አለው»

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ ሌሎቹን ስህተቶች የሚወልደው እሱ ነውና። ሳልን እንውሰድ። ሳል ምልክት እንጂ ራሱን የቻለ በሽታ አይደለም። ጉንፋን ያስላል፣ አስም ያስላል፣ የሳንባ ነቀርሳ ያስላል፣ ወደ ላይ የሚመለስ የጨጓራ አሲድ ያስላል፣ የደከመ ልብም ያስላል። ለአምስቱም አንድ ቅጠል የሚሰጥ ሰው ምናልባት አንዱን ይረዳ ይሆናል፤ አራቱን ግን ያዘናጋቸዋል።

አንድ አባት ነበሩ፣ ስልሳውን ያለፉ። ሦስት ወር ሙሉ ደረቅ ሳል እንቅልፍ ነስቷቸዋል። ዝንጅብሉንም፣ ነጭ ሽንኩርቱንም፣ የባህር ዛፍ መታጠኑንም ሞክረው ጨርሰዋል። እኔ ጋ የመጡት «ጠንከር ያለ» ነገር ፈልገው ነው። ቀጠሮ ሲይዙ እንደማንኛውም ታካሚዬ ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዘው እንዲመጡ ነግሬያቸው ነበር። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ስንዘረግፈው የራስ ምታት ክኒን፣ አንድ ብልቃጥ ቫይታሚን እና ግማሹ ያለቀ የኢናላፕሪል እሽግ ወጣ።

«ይሄን መቼ ጀመሩት?» አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡና «አራት ወር ቢሆነኝ ነው፤ ግፊት አለብህ ብለውኝ» አሉ።

ኢናላፕሪልና መሰሎቹ የግፊት መድኃኒቶች ብራዲካይኒን የሚባል ንጥረ ነገር በሰውነት ውስጥ እንዳይሰባበር ያደርጋሉ። በዚህ የተነሳ ከሚወስዷቸው ሰዎች የተወሰኑት ደረቅና የማያባራ ሳል ይይዛቸዋል። ይህ በፋርማኮሎጂ ትምህርት መጀመሪያ ላይ የሚገኝ፣ ለማንም የተሰወረ ያልሆነ ነገር ነው። ለእኚህ አባት አንድም ቅጠል አልሰጠኋቸውም። ክኒኑን በራሳቸው እንዳያቆሙ አጥብቄ አስጠነቀቅኳቸው፤ ለሐኪማቸው አጭር ደብዳቤ ጽፌ ላክኋቸው። ሐኪሙ ወደ ሌላ ዓይነት የግፊት መድኃኒት ቀየሩላቸው፤ ሳሉ በሦስት ሳምንት ውስጥ ጠፋ። እኔ በዚያ ቀን የሠራሁት ትልቁ ሥራ ፌስታሉን መዘርገፍ ነው። በዝርዝር የሚያምን ሰው ቢያገኛቸው ኖሮ ከአንዱ ሽሮፕ ወደ ሌላው እያዘዋወረ ዓመት ያስቆጥራቸው ነበር።

እንቅልፍ ማጣትም እንዲሁ ነው። አንዱ ተኝቶ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ይነቃል፣ ሌላው እስከ እኩለ ሌሊት ይገላበጣል፣ ሌላዋን የማረጥ ሙቀት ይቀሰቅሳታል፣ ሌላው ሐዘን ላይ ነው፣ አንዱ ደግሞ የታይሮይድ ዕጢው ከልክ በላይ እየሠራ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀጠሮ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ስለ ሰገራው፣ ስለ ሽንቱ፣ ስለ ወር አበባዋ፣ ስለ ሥራው፣ ቤተሰቡ ውስጥ ስላለ በሽታ እጠይቃለሁ። ግፊት እለካለሁ፣ የልብ ምት እቆጥራለሁ። ዕፁ የሚመረጠው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ብዙ ጊዜም የምርጫው ክፍል አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

«ሁለንተናዊ ሕክምና ማለት ሆስፒታልን መተው ማለት ነው»

ሁለንተናዊ ማለት ሰውየውን ከነኑሮው፣ ከነአመጋገቡ፣ ከነሚወስደው ክኒን ማየት ማለት ነው። የደም ምርመራ ውጤቱን ሳያይ «ሙሉ ሰውን ነው የማክመው» የሚል ሰው ግማሹን ነው የሚያየው።

«ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም»

የጉሎ ፍሬ ሪሲን የተባለ ገዳይ መርዝ አለው፤ ዘይቱ ለሕክምና የሚሆነው መርዙ በዘይት ስለማይሟሟና ከተጨመቀው ገለባ ጋር ስለሚቀር ነው። የጤና አዳም ጭማቂ ቆዳ ላይ ነክቶ ፀሐይ ካገኘው እንደ እሳት ቃጠሎ ውኃ ይቋጥራል፤ እርጉዝ ሴት ደግሞ ጨርሶ እንደ መድኃኒት ልትወስደው አይገባም። የሊኮሪስ ሥር ጣፋጭ ነው፤ በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣው ሰው ግን በደሙ ያለው ፖታሲየም ይወርዳል፣ ግፊቱ ይወጣል። አንድ ነገር የመፈወስ ኃይል ካለው የመጉዳት ኃይልም አለው።

«ካስቀመጠ ሠራ፤ ቆሻሻውን ጠርጎ አወጣው»

አላወጣም። አንጀትን የሚያስቀምጥ ነገር የሚያወጣው ውኃና ጨው ነው። የእሬት ቢጫ ፈሳሽ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ሰውነትን ፖታሲየም ያሳጣል፤ ደምን የማጣራቱ ሥራ የጉበትና የኩላሊት ነው።

«ስለ ቅጠሉ ለሐኪሜ መንገር አያስፈልገኝም»

ሴንት ጆንስ ወርት የተባለው ቢጫ አበባ ለቀላል ድባቴ ይረዳል፤ ይህ በጥናት ተደግፏል። ግን ጉበት ውስጥ መድኃኒት የሚሰባብሩ ኢንዛይሞችን ያበረታል። ስለዚህ የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን የምትወስድ ሴት ሳታስበው ልትፀንስ ትችላለች፤ ዋርፋሪን የተባለውን ደም እንዳይረጋ የሚከላከል መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደሙ ሊረጋበት ይችላል፤ ኩላሊት የተተከለለት ሰው ሰውነቱ ኩላሊቱን እንዳይገፋ የሚወስደው ሳይክሎስፖሪን ከደሙ ወርዶ አዲሱን ኩላሊት ሊያጣ ይችላል። ለሐኪም የሚደበቅ ቅጠል እኔ አልሰጥም። የምሰጠውን ሁሉ በወረቀት ጽፌ ለታካሚው አስይዘዋለሁ፤ ቀዶ ሕክምና ካለበትም ሁሉንም አስቀድሞ እንዲያሳውቅ አደርጋለሁ።

«ስሙን ካወቅሁ ዕፁን አውቄዋለሁ»

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቤልጂየም ውስጥ ውፍረት ለመቀነስ ብለው የዕፅዋት እንክብል የወሰዱ ሴቶች ኩላሊታቸው ተበላሸ፤ በመጨረሻ የተጎጂዎቹ ቁጥር ከ100 አለፈ። በእንክብሉ ውስጥ መግባት የነበረበት ስቴፋኒያ የሚባል ሥር ነበር፤ የገባው ግን አሪስቶሎኪያ የተባለ ሌላ ሥር ነው። በቻይንኛ የንግድ ስማቸው ሁለቱም «ፋንግ ጂ» የሚል ቃል ይጋራሉ። አሪስቶሎኪያ ውስጥ ያለው አሲድ ኩላሊትን ይገድላል፣ ካንሰርም ያመጣል፤ ከተጎጂዎቹ በርካቶቹ በኋላ የሽንት ቧንቧ ካንሰር ያዛቸው። ተማሪዎቼን የላቲን ስም አስጠናቸዋለሁ፤ ሲያጉረመርሙ ይህን ታሪክ እነግራቸዋለሁ። የሰፈር ስም ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ አንዱ ስም ለሦስት ዕፅ ይሰጣል። የላቲን ስም፣ የተወሰደው ክፍል (ሥሩ ነው፣ ቅጠሉ ነው፣ ቅርፊቱ ነው?)፣ የተለቀመበት ቀን፣ ይህ ሁሉ ማሰሮው ላይ ካልተጻፈ ያ መድኃኒት አይደለም።

«ሁሉም ተፈልቶ ይጠጣል»

ቅጠልና አበባ የፈላ ውኃ ይፈስበትና ተከድኖ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ይቀመጣል። ክዳኑ የግድ ነው፤ ሽታ ባላቸው ዕፅዋት ላይ የሚሠራው ዘይት ከእንፋሎቱ ጋር ያመልጣልና። ሥርና ቅርፊት በዝግታ እሳት ሃያ፣ ሠላሳ ደቂቃ ይንተከተካል። ልፋጭ ያላቸው ሥሮች ደግሞ በቀዝቃዛ ውኃ ያድራሉ። ጨርሶ በውኃ የማይወጣ፣ አልኮል የሚፈልግም አለ። ለወባ የሚሆነውን አርቴሚሲኒን አርቴሚዚያ ከተባለው ተክል ያወጣችው ቻይናዊት ተመራማሪ ቱ ዩዩ መጀመሪያ በተደጋጋሚ ያልተሳካላት ሙቀቱ ንጥረ ነገሩን ስለሚያበላሸው ነው። ከ1,600 ዓመት በፊት የተጻፈ መመሪያ ቅጠሉ በውኃ ተዘፍዝፎ ይጨመቅ እንጂ ይፈላ አለማለቱን አስተውላ፣ በዝቅተኛ ሙቀት የሚተን ኤተር የተባለ ፈሳሽ ተጠቀመች፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀበለች። ከዚህ ተነስቶ ለወባ የአርቴሚዚያ ሻይ የሚጠጣ ሰው ግን ሌላ ስህተት ውስጥ ይገባል። በሻይ ውስጥ ያለው መጠን ትንሽና ከቀን ቀን የሚለያይ በመሆኑ የዓለም ጤና ድርጅት አይመክረውም። ወባ በክኒን ይታከም።

«የጥቂት ሳምንት ኮርስ ይበቃል»

በብዙ አገር ማዕረጉን በሕግ የሚጠብቅ የለም፤ በአሜሪካ አንድም ግዛት ለዚህ ሙያ ፈቃድ አይሰጥም። ስለዚህ ማንም ተነስቶ ራሱን ባለሙያ ማለት ይችላል፤ የሙያ ማኅበራት የተቋቋሙትም አባላቶቻቸውን መመዘኛ ለማስያዝ ነው። የብሪታንያው እ.ኤ.አ. ከ1864 ጀምሮ፣ የአሜሪካው እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ አለ። ሁለቱም የሚፈልጉት የዓመታት ትምህርትና በመቶዎች የሚቆጠር ሰዓት ታካሚ ማየትን ነው።

መማር ከፈለጋችሁ በአናቶሚ፣ በፊዚዮሎጂና በበሽታ ትምህርት ጀምሩ። ከዚያ አሥር ዕፅ ምረጡ፣ መቶ አይደለም። አሥሩን ዓመት ሙሉ ተከታተሉ፤ ሲበቅል፣ ሲያብብ፣ ሲደርቅ እዩት። አድርቁት፣ አሽትቱት፣ ቅመሱት። የሚቀመሰውን ብቻ፣ ካወቃችሁት በኋላ። ከመምህር ጎን ተቀምጣችሁ ታካሚ ስሙ፤ የመጀመሪያውን ዓመት አፋችሁን ዘግታችሁ ጻፉ።

ከሁሉ በፊት ግን የማትነኩትን እወቁ። ደም የቀላቀለ አክታ፣ ሳይፈለግ የሚቀንስ ክብደት፣ ደረት ላይ ተነስቶ ወደ ክንድ የሚሄድ ሕመም፣ ድንገት የመጣ የአፍ መጣመም፣ ከአንገት መድረቅ ጋር የመጣ ትኩሳት፣ ጥቁር ሰገራ፣ በእርግዝና ወቅት የሚፈስ ደም። ተማሪዎቼ ይህን በቃላቸው ካልያዙ ታካሚ ክፍል አላስገባቸውም። ከእነዚህ አንዱን ያየ ሰው ማሰሮ አይከፍትም፤ መኪና ይጠራል።