ሥዕል፣ የአየር ፎቶና ካርታ በአዲስ አበባ ዳርቻ

በአዲስ አበባ ዳርቻ ሠፈሮች «ቤቱ ካርታ አለው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሊያይ የፈለገው የይዞታ ማረጋገጫ ሰነዱን ነው። ሰነዱ ስሙን ያገኘው በውስጡ ካለው ንድፍ ሲሆን፣ ግቢው በቀጭን መስመር ተከቦ ማዕዘኖቹ ተራ ቁጥር ይይዛሉ፤ በጎኑ ያለው ሠንጠረዥም የእያንዳንዱን ማዕዘን የኤክስና የዋይ ልኬት በሜትር ያሰፍራል። ስፋቱ በካሬ ሜትር ተጽፏል፣ የሰሜን ቀስትም አለ። የጓሮው ጌሾና ሐዘን ሲደርስ የእድሩ ድንኳን የሚተከልበት ሜዳ ግን አይገቡበትም።

ከዚህ ንድፍ በስተጀርባ የአየር ፎቶ አለ። የከተማው አስተዳደር ሰነድ አልባ ይዞታዎችን ለማስተናገድ ባወጣቸው መመሪያዎች በ1988 እና በ1997 ዓ.ም. የተነሡትን የአየር ፎቶዎች መለያ አድርጎ ስለወሰደ፣ አንድ ቤት በፎቶው ላይ ጣሪያው መታየቱና አለመታየቱ የባለቤቱን መብት የሚወስን ጉዳይ ሆኗል። በአንድ ሌሊት የሚቆመው «የጨረቃ ቤት» አውሮፕላኑ ካለፈ በኋላ ከተሠራ በምስሉ ላይ የሚታየው የእርሻ ማሳ ብቻ ነው። ለእኔ ከሥነ ጥበብ ቤት ሥዕሎች ሁሉ ይልቅ በብርቱ ጥንቃቄ ሊታይ የሚገባው ምስል ይህ ነው፤ ብዙ ቤተሰብ ዕድሉን ያገኘው ወይም ያጣው በግራጫ ነጠብጣቦች ንባብ ነውና።

ከከተማው በስተሰሜን በእንጦጦ ተራራ ላይ ሌላ ዓይነት ምስል ይሰበሰባል። ከባሕር ወለል በላይ 3200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለው የሕዋ ምርምር ማዕከል እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያለው መስታወት የተገጠመላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ይገኛሉ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የተወነጨፈችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይትም ምስል የምትልከው በዚያው ወዳለው የምድር ጣቢያ ነበር። የምስሏ አንድ ነጥብ በመሬት ላይ 13.75 ሜትር በ13.75 ሜትር ስለሚሸፍን፣ 150 ካሬ ሜትር የሆነ ግቢ ሙሉ በሙሉ በአንድ ነጥብ ውስጥ ሊጠፋ ይችላል። የተሠራችው ለሰብል፣ ለደንና ለውኃ ጥናት እንጂ ለቤት ቆጠራ አልነበረም።

በዚያው ተራራ በእንጦጦ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ግድግዳዎች ላይ ያለው ሥዕል የሚመራው በሌላ ሥርዓት ነው። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የአሣሣል ልማድ ጻድቃን ፊት ለፊት፣ ሁለቱም ዓይኖቻቸው ጎልተው ይሣላሉ፤ ሰይጣንና ክፉዎች ደግሞ ብዙውን ጊዜ በጎን፣ በአንድ ዓይን ይታያሉ። ማንበብ የማይችል ምእመንም ገና ከበሩ ላይ ሆኖ ማን ወዴት እንደሆነ ይለያል።

በየቀኑ ኑሮ ግን ዳርቻው የሚታወቀው በቃል በሚሣል ካርታ ነው። ለቅሶ ለመድረስ የመጣ እንግዳ «ከአስፋልቱ ገባ ብለህ፣ ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ ሰማያዊ በር» ይባላል፤ ወፍጮው ከተነሣ ዓመታት ቢያልፉም ቦታው «ወፍጮ ቤቱ» መባሉን ይቀጥላል።