ኩክድ፣ ሲብሬክ፣ ሮው፦ የተርሚናል ግቤት ሞድ ምንድን ነው?

ተርሚናል ላይ የተጫነ ቁልፍ በቀጥታ ፕሮግራሙ ጋ አይደርስም። መሃል ላይ የከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) የቲቲዋይ ድራይቨር፣ ማለትም ተርሚናሉን የሚያስተናግደው ክፍል፣ አለ፤ የግቤት ሞድ ማለት ይህ ድራይቨር ምን ያህል ጣልቃ እንደሚገባ የሚወስን ቅንብር ነው። በኩክድ ሞድ (የዩኒክስ መሰል ሲስተሞች መስፈርት የሆነው ፖዚክስ ካኖኒካል ይለዋል) ኢንተር እስኪጫን ፕሮግራሙ ምንም አያይም፤ ባክስፔስን የሚያስተናግደውም ከርነሉ ነው። በሲብሬክ እያንዳንዱ ባይት ወዲያው ያልፋል፤ ኮንትሮል-ሲ ግን እንደወትሮው ፕሮግራሙን ያቋርጣል። በሮው ኮንትሮል-ሲም ባይት 3 ሆኖ ይገባል።

ጣጣው የሚጀምረው ኮዱ ወደ ሌላ ሲስተም ሲሻገር ነው። ሮውና ሲብሬክ የድሮው ዩኒክስ ፍላጎች (የሚበሩና የሚጠፉ ቅንብሮች) ናቸው። የ1988ቱ ፖዚክስ ግን ተርሚዮስ በተባለው የተርሚናል መቆጣጠሪያው ሥራቸውን ለትናንሽ ፍላጎች አከፋፈለው፦ አይካኖን መስመር መጠበቅን፣ ኤኮ የተተየበውን ማሳየትን፣ አይሲግ ሲግናልን (እንደ ኮንትሮል-ሲ ማቋረጫ ያለውን)፣ ኦፖስት የውጤት ማስተካከያን ይዘዋል። ስለዚህ "ሲብሬክ" ሲባል የትኞቹ ፍላጎች እንደሚነኩ ላይብረሪው ይወስናል። ፓይተን 3.12 ላይ ሴትሲብሬክ የተባለው ፈንክሽን የኢንተርን 13 ወደ 10 የሚቀይረውን አይሲአርኤንኤል ፍላግንም ማጥፋት ጀመረና ኢንተር በ10 ፋንታ 13 ሆኖ መጣ፤ 3.12.2 ላይ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ሮው ሞድን በአንድ ጥሪ የሚያዘጋጀው ሲኤፍሜክሮው ሊኑክስና ቢኤስዲ ላይ ቢኖርም የ1988ቱ ፖዚክስ ውስጥ አልነበረም። የሞዱን ስም ትቶ ፍላጎቹን አንድ በአንድ ማስቀመጥ ይሻላል።

በጣም የሚያደናግረው ግን ቪሚን ነው። አይካኖን ሲጠፋ፣ ሪድ (ግቤት የሚያነበው ጥሪ) ስንት ባይት እስኪመጣ እንደሚጠብቅ ቪሚን፣ በአንድ ሰከንድ አሥረኛ የሚለካውን የጊዜ ገደብ ደግሞ ቪታይም ይወስናል። ፖዚክስ ቪሚን የፋይል ማብቂያ ቁልፉን ከሚይዘው ከቪኢኦኤፍ ጋር አንድ ቦታ እንዲጋራ ይፈቅዳል፤ ሶላሪስ የተባለው ዩኒክስ እንዲያ ያደርጋል። የቪኢኦኤፍ የተለመደ ዋጋ ኮንትሮል-ዲ፣ ማለትም 4 ነው። ሊኑክስ ላይ ቪሚን ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው 1 ስለሆነ ማንም ሳይነካው ያልፋል፤ ያው ኮድ ሶላሪስ ላይ አራት ቁልፍ እስኪጫን የደረቀ ይመስላል። መድኃኒቱ ቪሚን=1፣ ቪታይም=0 ብሎ በግልጽ መጻፍ ነው። ወደ ኩክድ ሲመለስም አይካኖንን ብቻ ማብራት አይበቃም፤ ቪኢኦኤፍ 1 ሆኖ ይቀርና የፋይል ማብቂያው ኮንትሮል-ኤ ይሆናል። መጀመሪያ ቅንብሩን በሚያነበው በቲሲጌትአትር የተቀመጠውን ስትራክት (የቅንብሮቹን ስብስብ) ሙሉውን መመለስ ያስፈልጋል።

ኦፖስት ሲጠፋ አዲስ መስመር ወደ ግራ ጠርዝ ስለማይመለስ ጽሑፉ ደረጃ እየሠራ ወደ ቀኝ ይወርዳል። ለአማርኛ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ፦ ፊደላችን በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ነው፤ "ሀ" 225፣ 136፣ 128 ሆና ትመጣለች። አንድ ባይት አንብቦ "አንድ ቁልፍ" የሚል ፕሮግራም ፊደሏን ይሰባብራታል። በኩክድ ሞድም ግቤቱ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን ለከርነሉ የሚነግረው አይዩቲኤፍ8 ፍላግ ካልበራ ባክስፔስ ከሦስቱ አንዱን ባይት ብቻ ያጠፋል።

ዊንዶውስ ተርሚዮስ የለውም፤ በምትኩ ያለው ሴትኮንሶልሞድ የተለየ ኮድ ይጠይቃል። ኮንትሮል-ዜድ ለሚያስቆመው ፕሮግራም ሞዱን ከመቆሙ በፊት መመለስ፣ ሲቀጥል እንደገና ማስቀመጥ ግድ ነው። ፕሮግራምን በግድ የሚገድለው ሲግናል ሲግኪል ግን አይያዝም፤ ስለዚህ ሞዱን ለመመለስ ዕድል አይሰጥም። ተርሚናሉ ተበላሽቶ ከቀረና ኢንተር ካልሠራ፣ ኮንትሮል-ጄ፣ ከዚያ ቅንብሩን ወደ ጤነኛው የሚመልሰው ትእዛዝ "ኤስቲቲዋይ ሴን" (stty sane)፣ እንደገና ኮንትሮል-ጄ።