ጫማ «መልመድ» ምንድን ነው?

በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ሰው አንድ ቪዲዮ ላከልኝ። ሦስቱም «አንቺ ምን ትያለሽ?» ብለው።

ቪዲዮው ላይ አንዲት ቆንጆ ልጅ ባለ 10 ሳንቲም ታኮ ተጫምታ ሳሎኗ ውስጥ ትንጎራደዳለች። ምክሯ አጭር ነው። በወፍራም ካልሲ አድርጊው። አምስት ቀን ቤት ውስጥ ሥሪበት፣ ወልውዪበት። ቢያምሽም አታውልቂው። «እግርሽ ይለምደዋል።»

ይህቺን አባባል በተለይ ጥር ሲገባ እሰማታለሁ። ሠርግ ነዋ። ሚዜው ሁሉ አዲስ ሂል ይገዛል። የካቲት ላይ ገሚሱ እያነከሰ እኔ ጋ ይመጣል። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ ውሎዬ ከቁርጭምጭሚትና ከተረከዝ ጋር ነው። ሂል አታድርጉ ልል አይደለም። እኔም አደርጋለሁ፣ እወደዋለሁም። የሚያበሳጨኝ «መልመድ» የምትለዋ ቃል ናት። ማን ነው የሚለምደው? ምኑን?

እናቶቻችን አዲስ ምጣድ ሲገዙ ያሟሻሉ። ምጣዱ ይግላል፣ የተፈጨ ጎመን ዘር ይነሰነስበታል፣ ደጋግሞ ይታሻል። የመጀመሪያዋ እንጀራ ትጣበቃለች። ሁለተኛዋ ትቀደዳለች። ከዚያ ምጣዱ መልቀቅ ይጀምራል። ልብ በዪ፣ የሚሟሸው ምጣዱ ነው። የትኛዋም ጋጋሪ መዳፏን የጋለ ምጣድ ላይ ለጥፋ «እጄ ይለምደዋል» አትልም። ጫማ ላይ ስንደርስ ግን ምጣዱን ትተን እጃችንን እናሟሻለን።

ጫማውስ ምን ያህል ይሟሻል? ትንሽ። እውነተኛ ቆዳ ከሆነ ወደ ጎን ጥቂት ይለቃል፣ የእግርሽን ቅርጽ ይይዛል። በርዝመት ግን አይጨምርም። ቆዳ መሳዩ ሰው ሠራሽ ደግሞ እሷኑም አይሰጥሽም ማለት ይቻላል። «ስታደርጊው ይሰፋል» ያለሽ ነጋዴ ያንን ቁጥር ከመደርደሪያው ላይ ማራገፍ ስለፈለገ ነው። ታኮው ከነጭራሹ አይሟሽም። ዛሬ 10 ሳንቲም ከሆነ የዛሬ ዓመትም 10 ሳንቲም ነው፤ ቢበዛ የጫፉ ጎማ ያልቃል።

(ታኮ ከጣሊያንኛ የወሰድነው ቃል ነው። ለጫማው ታኮ፣ ለእግሩ ተረከዝ አለን። እንግሊዝኛ ለሁለቱም አንድ ቃል ነው ያለው። እኛ እንዲህ አጥርተን ለይተን ሳለ፣ የጫማውን ጉዳይ በእግር ላይ መጫናችን ይገርመኛል።)

እሺ፣ እግርስ ምን ይለምዳል? ልጅቷ ሦስት የማይገናኙ ነገሮችን በአንድ ቃል ጠቅልላቸዋለች።

አንደኛው እውነተኛው መልመድ ነው። ጡንቻና ሚዛን ይማራሉ። ይህ ጥሩ ነው፣ ደግሞም ይቻላል። ለመረዳት ግን ወደ ምጣዳችን እንመለስ። እግር መሬት ላይ የሚያርፈው በሦስት ጉልቻ ነው። አንዱ ተረከዝ ነው። ሁለተኛው ከአውራ ጣት ሥር ያለው ጉብታ፣ ሦስተኛው ከትንሿ ጣት ሥር ያለው። ታኮ ማለት አንዱን ጉልቻ ከፍ ማድረግ ነው። ሊጡ ወዴት ይሄዳል? ወደ ፊት ይፈስሳላ። የሰውነት ክብደትም እንደዚያው ነው። ታኮው በጨመረ ቁጥር ሸክሙ ከተረከዝ ለቆ ወደ ፊተኞቹ ሁለት ጉልቻዎች ይሄዳል። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ሲባል እውነት ይሆናል፣ ለወጥ። እንጀራ የጋገረች ሴት ግን ጉልቻ ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች።

እዚህ ላይ አንድ የሙያዬን ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የቁርጭምጭሚት ዋናው አጥንት ከፊት ሰፋ፣ ከኋላ ጠበብ ያለ ነው። በጠፍጣፋ እግር ስትቆሚ ሰፊው ክፍል ቦታው ውስጥ ጥብቅ ብሎ ይገጥማል። በጣትሽ ስትቆሚ ግን ወደ ቦታው የሚገባው ጠባቡ ክፍል ነው። ክፍተት ይኖራል። ሂል ስታደርጊ እግርሽ የሚዋልለው ስለማትችዪበት ብቻ አይደለም። አጥንትሽ የሚሠራውን ሥራ ጡንቻና ጅማት ተረክበውታል። እነሱ ደግሞ በአምስት ቀን ውልወላ አይጠነክሩም፤ ሳምንታት ይፈልጋሉ።

ሁለተኛው «መልመድ» ሰውነት ለጫማው ሲል ሲለወጥ ነው። አንዲት እናት ወደ እኔ መጥተው ነበር። ሃያ ምናምን ዓመት ቢሮ የሠሩት በታኮ ነው። ጡረታ ወጡና «አሁንስ ይብቃኝ» ብለው ጠፍጣፋ ጫማ ገዙ። በወሩ ተረከዛቸው መርገጥ አልችል አለ። «የኔ ልጅ፣ ታኮዬን ሳደርግ እኮ ይተወኛል። እግሬ ለምዶት ነው» አሉኝ። ልክ ናቸው፣ ለምዶታል። ባታቸውን ስነካው እንደ ገመድ ተወጥሯል። በ2010 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንግሊዝ አገር ማንቸስተር ላይ የወጣ አንድ ጥናት ይህንኑ ለክቶ አሳይቷል። ለዓመታት ከ5 ሳንቲም ያላነሰ ታኮ ያዘወተሩ ሴቶች የባታቸው የጡንቻ ክሮች ከሌሎቹ በ13 በመቶ ገደማ አጥረው ተገኙ። የተረከዛቸው ጅማትም ወፍሮና ጠንክሮ ነበር። የተጠኑት ሴቶች ጥቂት ናቸው፤ እሱን መናገር አለብኝ። ግን በየቀኑ በእጄ ከምዳስሰው ጋር ይገጥማል።

ስለዚህ ለዓመታት በታኮ የኖርሽ ከሆነ በአንድ ቀን ወደ ሸበጥ አትውረጂ። ሁለት ሦስት ሳንቲም እየቀነስሽ ውረጂ። እሳቸውንም እንደዚያ ነው ያወረድኳቸው፤ አራት ወር ፈጀ።

ሦስተኛው በጣም የሚያናድደኝ ነው። በጣቶች ሥር የሚያልፉ ነርቮች አሉ። በተለይ በሦስተኛውና በአራተኛው ጣት መካከል ያለው በቀላሉ ይጨመቃል። መጀመሪያ ያቃጥላል። ጫማ ውስጥ ጠጠር የገባ ይመስላል። ከዚያ ይደነዝዛል። ሲደነዝዝ ሕመሙ ጠፋ፤ ባለቤቱም «ተመስገን፣ ለመድኩት» ይላል።

ይህንን ከሰው አልሰማሁም። የተመረቅኩ ቀን ጫፉ ሹል የሆነ ጫማ አድርጌ ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ አቃጠለኝ። ከዚያ ጭራሽ ሕመም የለም። ለጓደኞቼ ፎከርኩባቸው። ማታ ሳወልቀው ሁለት ጣቶቼ የሉም። ማለቴ አሉ፣ ግን ስነካቸው የሌላ ሰው ጣት ነው የሚመስሉኝ። ስሜታቸው የተመለሰው በሳምንቱ ነው። ስለ ነርቭ ተፈትኜ ያለፍኩ ሰው ነኝ እኮ!

እግረ መንገዴን፦ ስኳር ያለበት ሰው «ይለምደዋል» የሚለውን ምክር በጭራሽ መስማት የለበትም። እግሩ ቀድሞውኑ ደንዝዞ ሊሆን ይችላል። ውሃ የቋጠረች ትንሽ ቦታ ሳያውቃት ቁስል ትሆናለች። ያ ቁስል ደግሞ በቀላሉ አይድንም። እርጉዝ ከሆንሽም ጅማትሽ ላልቷል፣ ሚዛንሽም ተቀይሯል። ልምምዱን ለሌላ ጊዜ።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። «ቢያምሽም አታውልቂው» ትላለች። እህቴ፣ ሁለት ዓይነት ሕመም አለ። ባትሽ ደክሞ ሲያምሽ ጡንቻ እየሠራ ነው። ያ ግድ የለም። የሚያቃጥል፣ የሚወጋ፣ የሚደነዝዝ ከሆነ ግን አሁኑኑ አውልቂው። መወልወሉንስ ከየት አመጣሽው? እርጥብ ሴራሚክ ላይ በታኮ የወደቀች ሴት መጀመሪያ የምታስቀድመው እጇን ነው። እኔ ጋ የምትመጣውም እግሯን ይዛ አይደለም፤ የእጅ አንጓዋን በጄሶ አሳስራ ነው።

ትክክለኛው ልምምድ አሰልቺ ነው። ገና ጫማውን ሳታደርጊው በባዶ እግርሽ ግድግዳ ይዘሽ በጣትሽ ቁሚ፣ ቀስ ብለሽ ውረጂ። ከመውጣቱ ይልቅ መውረዱ ነው የሚያጠነክረው። ጫማውን ስታደርጊ በወፍራም ታኮ ጀምሪ። ቀጭኑ ይቆይ። በቀን 15 ደቂቃ ይበቃል፣ ከዚያ ይወልቃል። እርምጃሽን አሳጥሪ። ተረከዝሽ ቀድሞ ስለተነሳ መሬት ገፍተሽ የምትስፈነጠሪበት ቦታ አልቆብሻል። በረጅሙ ለመራመድ ስትሞክሪ ጉልበትሽ ይታጠፋል፣ ወገብሽ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ዶሮ ልታባርር ያደባች ሰው ትመስያለሽ። ዓይንሽ መሬት ላይ አይተከል። አንገት ሲደፋ ክብደቱ ይብሱን ወደ ፊት ይሄዳል። ስትጨርሺ ግድግዳ ገፍተሽ ባትሽን አፍታቺው። ስለ ኮብልስቶን አትጠይቂኝ። እዚያ ላይ በቀጭን ታኮ የሚለማመድ የለም፤ ጫማ ይቀየራል።

ምጣዱ የተሰነጠቀ ከሆነ ግን ማሟሸት ከንቱ ድካም ነው። ጫማ ስትገዢ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪውና ከኋላም ከጎንም እዪው። ታኮው ቀጥ ብሎ ተረከዝሽ በሚያርፍበት መሃል ሥር መቆም አለበት። ወደ ኋላ ከሸሸ ቶሎ ይከዳሻል። ከዚያ መሃሉን በአውራ ጣትሽ ተጫኚው። ሶሉ ውስጥ ቀጭን ብረት ተደብቃለች፤ እሷ ካለች አይጎብጥም። እንደ ካርቶን እጥፍ ካለ መልሰሽ ለባለሱቁ ስጪው። መታጠፍ ያለበት ጣቶችሽ ሥር ብቻ ነው። ደግሞ ማታ ማታ ግዢ። እግር ቀኑን ሙሉ ሲውል ያብጣል፣ ጠዋት ልክ የነበረው ማታ ይጠብባል።

ሰው ሁሉ የታኮውን ቁመት ብቻ ይናገራል። «የኔ 9 ነው፣ የኔ 12 ነው።» እግርሽ የሚያውቀው ግን በኋላና በፊት መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ከፊትም ሶሉ 3 ሳንቲም የወፈረ ጫማ፣ ታኮው 12 ቢሆን ለእግርሽ 9 ነው።

ባለፈው ጥር ሠርጓ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው የመጣች ሙሽራ ነበረች። ጫማዋ 9 ሳንቲም፣ ከፊት ቀጭን። ቪዲዮውን አይታ ሦስት ቀን በካልሲ ወልውላበታለች። ሁለቱም ተረከዞቿ ውሃ ቋጥረዋል። ዝቅ ያለ ግዢ እንዳልላት ቬሎዋ የተቆረጠው በዚያ ታኮ ልክ ነው። ዝቅ ካለች መሬት ይጠርጋል። መርካቶ ሄዳ ከፊት 3 ሳንቲም የሆነ፣ ታኮው ያው 9፣ ወፍራም ጫማ ፈለገች። ቁመቷ ሳይነካ ልዩነቱ 6 ሆነላት። እሱም የራሱ ጣጣ አለው፤ ሶሉ ወፍራም ስለሆነ መሬቱ አይሰማም፣ ደረጃ ላይ መጠንቀቅ ነው። የተረከዟን ቁስል ሸፍነን በቀሩት ቀናት ማታ ማታ 15 ደቂቃ ኮሪደር ውስጥ ተመላለሰች።

ለሠርጉ ቀን አንድ ነገር ብቻ ጨመርኩላት። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ጫማ ይወልቃል፤ ረጅም ሰዓት ቆሞ ያበጠ እግር መልሶ ላይገባ ይችላልና ሌላ ጫማ አስይዢ።

ፎቶ ላከችልኝ። ቬሎው ልክ መሬት ነክቶ ቆሟል። ከጎኗ የቆመችው ሚዜዋ በአንድ እጇ አበባ፣ በሌላው ፌስታል ይዛለች። በፌስታሉ አፍ የሸበጥ ጫፍ ብቅ ብሏል።