«የቆጡን አወርድ ብላ…»፦ ለመሆኑ ቆጡ ላይ ምን ነበር?

በቀደም ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ አንድ ቤት ምሳ ተጋብዤ ነበር። የቤቱ ልጅ ሦስተኛ ዲግሪዋን በቅርቡ ጨርሳ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። ገና ዳዴ የሚል ልጅ አላት። ለጀማሪ ሴት ተመራማሪዎች የሚሰጥ የምርምር ገንዘብ ስላለ ልታመለክት አስባለች። ሐሳቧን እንጀራ እየቆረሰች አስረዳችን። ገበሬው ጉድጓድ ውስጥ የሚያስቀምጠው ማሽላ እርጥበት ሲገባው፣ ጉድጓዱ ሳይከፈት የሚያሳውቅ ርካሽ ሴንሰር መሥራት ትፈልጋለች። እኔ አፌን ከፍቼ እየሰማሁ ነበር። አጎቷ ግን ጉርሻውን ዋጥ አደረገና፣ «ተይ አንቺ ልጅ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን» አላት። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እሷም ፈገግ ብላ ወሬዋን አቆመች።

«ጋሼ፣ ቆጥ ታውቃለህ?» አልኩት። «የዶሮ ማደሪያ ነዋ» አለኝ።

ይሄ ነው የከነከነኝ። ይህ ተረት ሴት ልጅ ብድግ ባለች ቁጥር ይመዘዛል። ልትማር ስትል ይተረትባታል። ለምርምር መስክ ስትወጣ ይተረትባታል። ላብራቶሪ አምሽታ ስትገባም ያው ነው። ሰዎች ተረቱ «አርፈሽ ተቀመጪ» የሚል ይመስላቸዋል። የተረቱን ላይ ላዩን ትርጉም ሁሉም ያውቀዋልና እዚያ ላይ አልቆይም። የተረሳው ቆጡ ነው።

እኔ ቆጥን ያወቅሁት ቁሉቢ አካባቢ፣ አያቴ ቤት ነው። ልጆች ሳለን ለፋሲካ ወደዚያ እንላካለን። ከድሬ ሙቀት ተነሥቶ ደንገጎን ሲወጡ አየሩ ይቀየራል። አያቴ ጋ ስንደርስ ጋቢ እንለብሳለን። ቤቱ የሣር ክዳን ነው፤ መሐሉ ላይ ምሰሶ፣ ከምሰሶው ወዲህ ምድጃ አለው። ከምድጃው በላይ፣ ከሰው ቁመት ከፍ ብሎ፣ ከምሰሶው እስከ ግድግዳው የተረበረበ እንጨት አለ። ቆጥ እሱ ነው። አንደኛው ጫፍ ላይ ዶሮዎቹ ያድራሉ፤ አጎቷ ልክ ነው። በሌላኛው ጫፍ ያለው ግን የዚያ ቤት የሚቀጥለው ዓመት ነው። ዘሩ።

አያቴ የዘር ማሽላ የምትመርጠው ጎተራ ላይ ሆና አይደለም። ገና ማሳው ላይ እንደቆመ ነው። አጫጆቹ ከመግባታቸው በፊት ብቻዋን ትገባለች ይሉኛል፤ እኔም አንድ ኅዳር ላይ ተከትያት አይቻለሁ። የሐረርጌ ማሽላ ረጅም ነው፤ ሰው ይውጣል። አገዳውን ይዛ ታጎነብሰዋለች። ራሱን በመዳፏ ታገላብጠዋለች። ወፍ የነካው ከሆነ ትለቀዋለች። ፍሬው ላይ ጥቁር ዱቄት ካየችበት ትለቀዋለች። ዳር ላይ የበቀለውን፣ ቦታው ብቻ ያሳመረውን አትፈልግም፤ ከመሐል፣ እኩያዎቹ መካከል ሆኖ ጎልቶ የወጣውን ትፈልጋለች። በመጨረሻ አንድ ፍሬ ፈልፍላ በፊት ጥርሷ ትነክሳለች። ቀጭ ካለ ቆርጣ ትይዘዋለች። እኛ ልጆቹ ከኋላ ከኋላዋ ጥንቅሽ እያላመጥን እንሄድ ነበር። ስለ ዘር መረጣ ከዚያ የተሻለ ትምህርት እስካሁን አላጋጠመኝም።

የተመረጡት ራሶች ሁለት ሁለት እየሆኑ ይታሰሩና ቆጡ ላይ ይንጠለጠላሉ። ከዚያ ወሩን ሙሉ፣ መንፈቁን ሙሉ ጢስ ይጠጣሉ። ጢሱ ያደርቃቸዋል። ጥቀርሻው ይሸፍናቸዋል። ነቀዝ የደረቀና የጠቆረ ፍሬ አይደፍርም። እናቶቻችን ይህን የሚያውቁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ነቀዝ የበላውን ዓመት አይተው ነው።

ለመብል የሚሆነው እህል ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ ጉድጓድ ይገባል። ሐረርጌ ማሽላውን መሬት ውስጥ የሚቀብር አገር ነው። ጉድጓዱ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ነው። አፉ በአፈርና በእበት ይደፈናል። እህሉ ውስጥ ሆኖ ይተነፍሳል፤ ነቀዙም ይተነፍሳል። ኦክስጅኑ ያልቅና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሞላዋል። ያኔ ነቀዙ ይሞታል። ለዚህ ነው ጉድጓዱ የተከፈተ ዕለት ማንም ዘሎ የማይገባው፤ አየሩ ሰው ይገድላል። ዛሬ የሚሸጠው አየር የማያስገባ ድርብ የእህል ከረጢትም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

ጉድጓዱ ግን ሁለት ችግር አለበት። ግድግዳው ውሃ ይስባል፤ ዳር ዳሩ ይሻግታል፤ ይህን ደግሞ እስኪከፈት ድረስ የሚያውቅ የለም። ያቺ ልጅ ልትፈታው የፈለገችው ይሄንኑ ነው። ሁለተኛው፣ ጉድጓድ የከረመ ማሽላ ለእንጀራ ይሆናል እንጂ ለዘር ብዙ አይታመንም። የመብቀል ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ጉድጓዱ የወንዶቹ፣ ቆጡ የሴቲቱ ሆነ። ተረቱ ውስጥ ያለችው ሴት የሆነችው ስግብግብ ስለሆነች አይደለም። ቆጡ የእሷ የሥራ ቦታ ስለነበር ነው።

አሁን የራሴን እምነት ልናገር። ይህ ተረት የተወለደው በዘር ሰሞን ነው። ሌላ ጊዜ ቆጥ ላይ ያለውን ማን ያወርዳል? ማንም። ዝናቡ ሲጥል ግን ቤቱ ይታመሳል። በሬዎቹ ተጠምደዋል። ባልየው ደጅ ላይ ሆኖ «አምጪ እንጂ!» ይላል። እርጥበቱ ሳያልፍ መዘራት አለበት። ሴትዮዋ ብብቷ ውስጥ አንድ ነገር ይዛለች። ምንድን ነው? ለእኔ የቦሎቄ ዘር የያዘች ቅል ናት። በእኛ አገር ማሽላና ቦሎቄ አንድ ማሳ ላይ አብረው ይዘራሉ። ቦሎቄውን አንሥታለች፤ የቀረው ማሽላው ነው። እጇን ወደ ላይ ስትዘረጋ ብብቷ ይከፈታል። ቅሏ ወድቃ ትሰበራለች። ቦሎቄው ምድጃው ሥር ይበተናል።

ሐረር አስማዲን በር አጠገብ እህል የሚነግዱ አንድ ሽማግሌ በዚህ አይስማሙም። «ብብቷ ውስጥ የነበረችው ዶሮ ናት፤ ሌላዋን ከቆጥ ልታወርድ ስትል አመለጠቻት» ይላሉ። አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አልቀበለውም። ያመለጠች ዶሮ ማታ ራሷ ተመልሳ ቆጧ ላይ ትሰፍራለች። ለተመላሽ ዶሮ ተረት አይተረትም። ተረት የሚወጣለት በወቅቱ ካመለጠ የማይመለስ ነገር ነው፤ ዘር ደግሞ እንደዚያ ነው።

የእኔ ሐሳብ ልክ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። የብብቷም ዘር ነው፣ የቆጡም ዘር ነው። ሁለቱም ለአንድ ማሳ ነው የሚፈለጉት። አንዱን ትታ አንዱን ብትይዝ ቤቱ ይራባል። ጥፋቷ ወደ ላይ መዘርጋቷ አይደለም። ጥፋቱ ከሥር የሚቀበላት ሰው አለመኖሩ ነው። አያቴ ብቻዋን ቆጥ ነክታ አታውቅም። «ኑ ተቀበሉኝ!» ትላለች። አንዱ ነጠላ ዘርግቶ ይቆማል፤ አንዱ በእጇ ያለውን ይቀበላታል። ያኔ ነው እጇን የምታነሣው።

ለጀማሪ ሴት ተመራማሪዎች የተዘጋጁት ድጋፎች ሥራቸው ይኸው መቀበል ነው። ዩኔስኮ እንደሚለው በዓለም ካሉት ተመራማሪዎች ሴቶቹ ሲሶ ያህል ናቸው። ብዙዎቹ የሚጠፉት ደግሞ ሳይማሩ ቀርተው ሳይሆን ከተማሩ በኋላ ነው። ሦስተኛ ዲግሪ የሚያልቅበት ዕድሜ ልጅ የሚወለድበት ዕድሜ ነው። በዚያው ሰዓት የማስተማር ጫናው በጀማሪ ላይ ይከመራል። የምርምር ገንዘቡ ስም ላለው ይሄዳል። ሁለቱም እጇ ተይዟል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1987 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የተመሠረተውና መቀመጫው ጣሊያን፣ ትሪየስቴ የሆነው የታዳጊው ዓለም የሴት ሳይንቲስቶች ድርጅት ይህን አይቶ ነው በ2018 የጀማሪ ተመራማሪዎችን ድጋፍ የጀመረው። ገንዘቡ ከካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ነው። ለአንዲት ተመራማሪ እስከ 50,000 ዶላር ይደርሳል። እኔን የማረከኝ ግን የገንዘቡ ልክ አይደለም። ምርምሩን የምትሠራው በገዛ ተቋሟ ሆና ነው። ቤቷን ዘግታ፣ ልጇን ለእናቷ ጥላ አትሄድም። ናይሮቢ ላይ በ2008 የተጀመረው፣ ለአፍሪካ ሴት የግብርና ተመራማሪዎች የሆነው አዋርድ ደግሞ ሌላ ብልሃት አለው። ለእያንዳንዷ ልምድ ያለው አማካሪ ይመደብላታል፤ እሷም በተራዋ ከእሷ በታች ያለችውን ይዛ ትወጣለች። አያቴ ብትሰማ ወዲያው ይገባት ነበር።

ዶክተር ሰገነት ቀለሙን ተመልከቱ። ከፍኖተ ሰላም የወጣች ልጅ ናት። የመኖ ሣር ውስጥ ተደብቀው የሚኖሩ ጥቃቅን ተሕዋስያን ሣሩ በሽታንና መጥፎ አየርን እንዲቋቋም እንዴት እንደሚረዱት አጠናች። ኮሎምቢያ ለዓመታት ሠራች። ከዚያ ወደ አፍሪካ ተመለሰች። በ2013 ናይሮቢ ያለውን የነፍሳት ምርምር ማዕከል ኢሲፔን የመራች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፤ በ2014 የሎሬያል-ዩኔስኮን የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት ወሰደች። ምን ጣለች? እስቲ የጣለችውን የሚያሳየኝ ሰው ይምጣ!

ደግሞ እኮ ሩቅ አገር መሄድም አያስፈልግም። ከድሬ ተነሥቶ ደንገጎን ለወጣ ሰው ሐረማያ እዚያው ነው። አቀንጭራን፣ የማሽላን ሥር የሚመጠምጠውን አረም፣ የሚቋቋም ማሽላ አውጥተው በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ የተማሩት እዚያ ነው። የዚህ አካባቢ ማሽላ ዓለምን ያስተማረ ነው። መጀመሪያ የመረጡት፣ ያሰሩትና ያጨሱት ሴቶች ናቸው። ታዲያ የልጅ ልጃቸው በሴንሰር እጠብቀዋለሁ ስትል እንዴት ነው ነገሩ ከአቅሟ በላይ የሆነው?

ተረቱ ይጣል አላልኩም። እወደዋለሁ። ግን ያለ ቦታው አታስገቡት። ቦታውን ከፈለጋችሁ አለላችሁ። አዲስ፣ ቶሎ የሚደርስ ዘር መጣ ተብሎ ሙይራው፣ ወገሬው፣ ፈንዲሻው የሚባለው የአገር ማሽላ ከየቆጡ ሲወርድና ማንም መልሶ ሳይሰቅለው ሲቀር፣ የቆጡን ሲያወርዱ የብብታቸውን የጣሉት እነዚያ ናቸው። በ1976 አዲስ አበባ ላይ የዘረመል ባንክ የተቋቋመው ይህ ስላሰጋ ነው። ባንኩን ለረጅም ጊዜ የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደም ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ አይጠበቅም፣ ገበሬው ማሳ ላይ መኖር አለበት ብለው የታገሉት ለዚሁ ነው፤ በ1989ም ትክክለኛ አኗኗር የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተውበታል። እንግዲህ በየስብሰባው፣ በየምርቃቱ፣ በየምሳው ይህን ተረት ለመተረት አፋችሁን የሚበላችሁ ሰዎች፣ የአገር ዘር ሲጠፋ ዝም ብላችሁ ሴት ልጅ ማመልከቻ ስትጽፍ አትተርቱ።