ሴራ ምንድን ነው? (የተንኮሉን አይደለም)

«የልብ ወለዱ ሴራ» ሲባል መጀመሪያ የሰማሁ ጊዜ፣ አንድ ሰው ተንኮል የጎነጎነ መስሎኝ ነበር። ብዙም አልተሳሳትኩም። ደራሲም ይጎነጉናል፤ የሚጎነጎንበት ደግሞ አንባቢው ነው፣ ያውም ወዶ።

ሴራ ድርጊቶች በምክንያትና በውጤት የሚያያዙበት መንገድ ነው። የግሪኩ ፈላስፋ አርስቶትል ስለ ትራጄዲ፣ ማለትም ስለ አሳዛኝ ተውኔት፣ ሲጽፍ «ነፍስ» ብሎ የጠራው ሴራን ነው።

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር እንበል። ማለዳ ነው። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሰፈሩን ውጦታል። አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ የእናቷን ጀበና ሰበረች። ቁጣውን ስለፈራች ገሉን በፌስታል ቋጥራ አጥር ጥግ ጣለችው። ጀበናው ስለጠፋ ጥርጣሬው ሠራተኛዋ ላይ ወደቀ። ሠራተኛዋም ስለተጠረጠረች ቦርሳዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ልጅቷ በመስኮት ታያታለች።

«ከዚያ፣ ከዚያ» እያልን አልተረክንም። ታሪኩን አያይዞ የያዘው «ስለ» ነው። እስቲ ፍርሃቱን አውጡት። ልጅቷ «እማዬ፣ ሰበርኩት» ትላለች፣ እናቷ ትቆጣታለች፣ አለቀ። ታሪክ የለም።

በልብ ወለድ ግጭት ሲባል ብዙ ሰው ድብድብ ይመስለዋል። እዚህ ግን ማንም ማንንም አልነካም። ልጅቷ የምትታገለው ከራሷ ጋር ነው፤ ለእኔ ከባዱ ይኼኛው ነው። ትግሉ በሩ ላይ ሲደርስ፣ ልትናገር ወይ ዝም ልትል ጫፍ ላይ ስትቆም፣ ጡዘት ይባላል። እንደ ገመድ ነው፤ ይወጠራል፣ ይጦዛል፣ ከዚያ ይረግባል። (የአራዳውን «ጦዘ» ለጊዜው ተዉት።)

መቼት ደግሞ «መቼ» እና «የት» ተጋጥመው የሠሩት ቃል ነው። ለጌጥ ብቻ የሚገባ አይምሰላችሁ። ገሉን የሸሸገላት ጉሙ ነው። ልጅቷን የሀረጎን ቁልቁለት አሻግራችሁ ኮምቦልቻ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ አውጧት። ጎረቤት ታያታለች፣ ሠራተኛዋን የሚጠረጥር አይኖርም። ሌላ ሴራ መጎንጎን ሊኖርባችሁ ነው።

ጀማሪዎች የሚስቱት መጨረሻው ላይ ነው። በሩ ላይ ጭንቅ ሲሆን ድንገት አጎት ከውጭ ይመጣና ሰው ሁሉ ይታረቃል። አንባቢ ይናደዳል፤ እኔም እናደዳለሁ። አጎትየው የግድ ካስፈለገ ቀደም ብሎ ይደውል፤ ጀበናው ገና ምድጃ ላይ እያለ።