ኤውስካል ቢሲክሌታ፦ ጠመንጃ ሠሪዎቹ የፈጠሩት የብስክሌት ውድድር

ኤውስካል ቢሲክሌታ በሰሜን ስፔን፣ በባስክ ክልል፣ ከ1952 እስከ 2008 የኖረ የብስክሌት ውድድር ነው። (እዚህ ያሉት ዓመቶችና ወሮች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እንደ ቱር ደ ፍራንስ ሦስት ሳምንት አይፈጅም፤ በጥቂት ቀናት ያልቃል። ግን እነዚያ ቀናት ከአንዱ ዳገት ወደ ሌላው ዳገት ናቸው። አገሩ ሜዳ የሚባል ነገር የለውም ማለት ይቻላል። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ይጠማዘዛል፣ ዝናቡም ብዙ ነው።

ውድድሩን የወለደችው ከተማ ኤይባር ናት። ላሊጋን የሚከታተል ሰው ስሟን ያውቀዋል። ከ2014 እስከ 2021 ባርሴሎናንና ሪያል ማድሪድን በትንሿ የኢፑሩዋ ስታዲየም ስታስተናግድ የነበረችው ኤይባር ነች። ሕዝቧ ሠላሳ ሺህ እንኳ አይሞላም። የእግር ኳስ ክለቡ ተጫዋቾች እስከ ዛሬ «ጠመንጃ ሠሪዎቹ» ይባላሉ። ስሙ የወጣው ከከተማዋ መተዳደሪያ ነው። የብስክሌት ውድድሩም ታሪክ የሚጀምረው ከዚሁ ከጠመንጃ ነው።

ኤይባር በጠባብ ሸለቆ ውስጥ የታጨቀች ከተማ ናት። የሚታረስ ሰፊ መሬት የላትም። ያላት ብረት የሚያውቅ እጅ ነው። ነዋሪዎቿ ለብዙ መቶ ዓመታት ጠመንጃና ሽጉጥ እየሠሩ ኖረዋል። የኦርቤአ ወንድማማቾች በ1840 ሥራ የጀመሩት በዚሁ ሙያ ነው። የቤይስቴጊ ወንድማማቾችም በ1909 የራሳቸውን የጦር መሣሪያ ወርክሾፕ ከፈቱ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ግን ገበያው ወረደ። ያ ሁሉ ማሽን፣ ያ ሁሉ ባለሙያ ምን ይሥራ?

መልሱ ከራሱ ከሙያው መጣ። የጠመንጃ አፈሙዝ ማለት በትክክል የተበሳና የተስተካከለ የብረት ቱቦ ነው። የብስክሌት አካልም በዋናነት የብረት ቱቦ ነው። ቱቦን መቁረጥ፣ ማስተካከል፣ ጫፍ ለጫፍ መበየድና ጥርስ ያለው ብረት በሚሊሜትር ልክ ማውጣት ለኤይባር ሰው አዲስ ነገር አልነበረም። የቤይስቴጊ ፋብሪካ በ1920ዎቹ ብስክሌት ማምረት ጀመረ። ቢኤች የሚባለው የብስክሌት ስም የነሱ ነው። ኦርቤአም ተከተለ። ጋራቴና አኒቱዋ የሚባለው ሌላው የጠመንጃ ድርጅትም ጋክ በሚል ስም ብስክሌት አወጣ። አንድ ትንሽ ከተማ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የስፔን የብስክሌት ፋብሪካ ሆነች።

ፋብሪካ ካለ ደግሞ ማስታወቂያ ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን ለብስክሌት ከውድድር የተሻለ ማስታወቂያ አልነበረም። ገዢው የሚያምነው ብስክሌቱ ዳገቱን ወጥቶ፣ ጭቃውን አልፎ፣ ሳይሰበር ሲገባ ሲያይ ነው። ኤይባር በፖለቲካም ቀደም ያለች ከተማ ነበረች። ሚያዝያ 14 ቀን 1931 ማለዳ በመላው ስፔን የመጀመሪያዋ ሆና ሪፐብሊክን ያወጀችው እሷ ናት። ከዚያ በኋላ ለሪፐብሊኩ ክብር ከኤይባር ወደ ማድሪድ ደርሶ የሚመለስ ውድድር ተዘጋጀ። ብዙ የብስክሌት ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ውድድር በ1935 ለተጀመረው ለቩዌልታ፣ ማለትም ለስፔን ዙር፣ መንገድ ጠራጊ አድርገው ያዩታል።

የእርስ በርስ ጦርነቱ ይህን ሁሉ ቆረጠው። ኤይባር በ1937 በአውሮፕላን ተደበደበች፤ ተቃጠለች። ከተማዋ እንደገና ቆማ፣ ፋብሪካዎቹ ተመልሰው፣ ሠራተኛው ኪሱ ትንሽ ሳንቲም እስኪያገኝ ጊዜ ወሰደ። በ1952 የኤይባር የብስክሌት ክለብ አዲስ የብዙ ቀን ውድድር ጀመረ። ያኔ ስሙ ቢሲክሌታ ኤይባሬሳ ነበር፤ የኤይባር ብስክሌት ማለት ነው። ይህ ውድድር የክለብ ሰዎች ሥራ ነበር። ቀን ፋብሪካ ውለው ማታ ተሰብስበው መንገድ የሚመርጡ፣ ሽልማት የሚለምኑ፣ ሆቴል የሚያፈላልጉ ሰዎች ሥራ። እኔ ስለዚህ ውድድር ሳነብ ከሁሉ በላይ የሚማርከኝ ይህ ነው። ቱር ደ ፍራንስንና የጣልያኑን ጂሮ የወለዷቸው ጋዜጣ ለመሸጥ የፈለጉ ጋዜጦች ናቸው። ይህን ግን የወለደችው ብስክሌቱን በእጇ የምትሠራ ከተማ ናት።

ስለ ኤይባር ብስክሌት ሲወራ አራቴን ማለፍ አይቻልም። አራቴ ከከተማዋ በላይ ያለ ተራራ ነው። ጫፉ አካባቢ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን አለ፤ የአካባቢው ሰው በየመስከረሙ ለክብረ በዓል ይወጣል። ከከተማው እስከ ላይ ያለው አቀበት አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በቁጥር ሲታይ ከፒሬኔ ወይም ከአልፕስ ተራሮች ጋር አይወዳደርም። ግን ገና ከከተማው ሳይወጡ ይጀምራል፤ እስትንፋስ ለመሰብሰብ ፋታ አይሰጥም። አንድ ተንኮልም አለው። ከፍተኛው ቦታ መጨረሻው አይደለም። ኡሳርትሳ የሚባለው ቦታ ላይ ዳገቱ ያልቅና መንገዱ ትንሽ ቁልቁል ብሎ፣ ተስተካክሎ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ይደርሳል። ስለዚህ አቀበት ላይ ጎበዝ የሆነ ሰው አንደኛ ሆኖ ጫፉን ቢይዝም ገና አላሸነፈም። ኋላው ያለው ፈጣን እግር ካለው በመጨረሻዎቹ ጥቂት መቶ ሜትሮች ይበላዋል።

በዚህ ተራራ ላይ ለብቻው የሚካሄድ የአቀበት ውድድርም ነበር። በ1959 ቱር ደ ፍራንስን ያሸነፈው የመጀመሪያው ስፔናዊ ፌዴሪኮ ባአሞንቴስ እዚህ ደጋግሞ አሸንፏል። እሱ የቶሌዶ ልጅ ነው፤ ለባስኮች እንግዳ ነው። የባስክ ተመልካች ግን ዳገት የሚችል ሰው ሲያይ አገሩን አይጠይቅም። በኋላ ይህ የአቀበት ውድድር በኤይባሩ የብዙ ቀን ውድድር ውስጥ ተጠቃለለ። አራቴም የውድድሩ ልብ ሆነ።

በ1969 አንድ ትልቅ ነገር ሆነ። የባስክ ዙር፣ ኢትሱሊያ የሚባለው፣ በ1924 የተጀመረ የቆየ ውድድር ነው። የመጀመሪያውን ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፔሊሲየ ወሰደው። በ1935 ጣልያናዊው ጂኖ ባርታሊ አሸነፈ። ከዚያ ጦርነት መጣና ለ34 ዓመታት ጠፋ። በ1969 ሲነሳ መሠረት የሆነው የኤይባር ክለብ ውድድር ነበር። አሸናፊው ማን ሆነ? ዣክ አንክቲል፤ ቱር ደ ፍራንስን አምስት ጊዜ ያሸነፈው። አንክቲል በዚያው ዓመት ነው ውድድር ያቆመው።

ጥምረቱ ግን ዕድሜው አጭር ነበር። በ1970ዎቹ የባስክ ዙር ዝግጅት ወደ ሌሎች እጅ አለፈ። ኤይባር የራሷን ውድድር ይዛ ቀጠለች። ስሙም ከኤይባር ወጥቶ መላውን ክልል ያዘ። በስፔንኛ ቢሲክሌታ ባስካ ተባለ፣ በኋላ በባስክኛ ኤውስካል ቢሲክሌታ። እንዲህ ሆኖ ባስክ ሁለት ትልልቅ የብዙ ቀን ውድድሮች ነበሯት። አንዱ በሚያዝያ፣ አንዱ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ አካባቢ። ሕዝቡ ለሁለቱም ይበቃል። እዚያ አገር ዝናብም ቢሆን ተመልካች መንገድ ዳር አይጠፋም።

የሰኔው ጊዜ ለጋላቢዎች ምቹ ነበር። ቱር ደ ፍራንስ በሐምሌ ስለሚጀምር እግር ለመፈተን ይጠቅማል። የዚህ ምስክር የ1996ቱ አሸናፊ ነው። ሚጌል ኢንዱራይን ያኔ ከ1991 ጀምሮ አምስት ቱር ደ ፍራንስ በተከታታይ ወስዶ ነበር። የናባራ ልጅ ነው፤ ለባስክ ጎረቤት ነው። በዚያ ሰኔ በፈረንሳይ ዶፊኔ የሚባለውን የብዙ ቀን ውድድር አሸነፈ፤ ከዚያ እዚህ መጥቶ ኤውስካል ቢሲክሌታን አሸነፈ። ሁሉም ስድስተኛው ቱር ደረሰ ብሎ ጠበቀ። አልሆነም። ሐምሌ ላይ ተራራው ላይ እግሩ ከዳው። አትላንታ ላይ በኦሎምፒክ በሰዓት ሙከራ፣ ማለትም እያንዳንዱ ለብቻው ከሰዓት ጋር በሚጋልብበት ውድድር፣ ወርቅ አገኘ፤ በ1997 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ብስክሌት ማቆሙን አስታወቀ። የባስኩ ድል ያ ትልቅ ጋላቢ ካገኛቸው የመጨረሻ ድሎች አንዱ ሆኖ ቀረ።

ታዲያ እንዲህ ያለ ውድድር ለምን ሞተ? ተመልካች አጥቶ አይደለም። ቀን መቁጠሪያውና ገንዘቡ ናቸው የጨረሱት። በሰኔ መጀመሪያ ዙሪያ መተንፈሻ የለም። ጂሮ ገና ማለቁ ነው፣ ዶፊኔ አለ፣ የስዊዘርላንድ ዙር አለ። በ2005 ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ፕሮቱር የሚባል አሠራር ሲያመጣ ልዩነቱ ሰፋ። ትልልቆቹ ቡድኖች ፕሮቱር ውስጥ ባሉ ውድድሮች ላይ የመገኘት ግዴታ ነበረባቸው። ኢትሱሊያ ፕሮቱር ገባች፤ ኤውስካል ቢሲክሌታ ግን ከታች ባለው የአውሮፓ እርከን ቀረ። ትልልቅ ስሞች ሌላ ቦታ ሲሄዱ ስፖንሰርም ይከተላቸዋል። በዚያ ላይ በ2006 ኦፔራሲዮን ፑዌርቶ የሚባለው የዶፒንግ ምርመራ የስፔንን ብስክሌት አናወጠው። ኩባንያዎች ስማቸውን ማራቅ ጀመሩ። በ2008 የገንዘብ ቀውሱ ተጨመረ።

ኤይባር ብቻዋን አልነበረችም። በካታሎኒያ ከ1963 ጀምሮ የቆየው ሴትማና ካታላና በ2005 ቆመ፤ የመጨረሻው አሸናፊ አልቤርቶ ኮንታዶር ነበር፣ ገና ከአንጎል ቀዶ ሕክምና ያገገመ ወጣት። ታላቁ ቤልጂየማዊ ጋላቢ ኤዲ መርክስ የነገሠበት የባርሴሎናው የሞንትዡይክ አቀበት ውድድርም በ2007 አበቃ። የስፔን ቀን መቁጠሪያ ከዓመት ወደ ዓመት ሳሳ።

ኤውስካል ቢሲክሌታም በመጨረሻዎቹ ዓመታት ቀኖቹ ቀነሱ። የ2008ቱን ጣልያናዊው ኤሮስ ካፔኪ አሸነፈ። ሃያ ሁለት ዓመት ገና አልሞላውም። ሳውኒየር ዱቫል በሚባል የስፔን ቡድን ውስጥ ነበር። ቡድኑ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በዶፒንግ ቅሌት ምክንያት ከቱር ደ ፍራንስ ወጣ። ካፔኪ ግን ቀጠለ፤ በ2011 ጂሮ ላይ የአንድ ቀን ድል አገኘ። በዚያው በ2008 ነሐሴ ላይ ሳሙኤል ሳንቼስ በቤጂንግ ኦሎምፒክ ወርቅ ሲወስድ የጋለበው ብስክሌት ኦርቤአ ነበር። ኦርቤአ በ1960ዎቹ መጨረሻ ሊዘጋ ሲል ሠራተኞቹ ራሳቸው ተረክበው የኅብረት ሥራ ማኅበር አድርገውት ነው እስከ ዛሬ የዘለቀው። ፋብሪካው ከኤይባር ወጣ ብሎ አጠገቧ ባለችው በማያቢያ ይገኛል። ቢኤች ደግሞ ወደ ቪቶሪያ ሄዷል።

የኤይባር ሰዎች ውድድሩ እየመነመነ እስኪሞት አልጠበቁም። ከኢትሱሊያ አዘጋጆች ጋር ተስማምተው ሁለቱ ውድድሮች ከ2009 ጀምሮ አንድ ሆኑ። ስማቸውን ሰጡ፣ ቀናቸውን ሰጡ። አንድ ነገር ግን አልለቀቁም፤ ኢትሱሊያ አራቴ ላይ እንድትወጣ። በእኔ እምነት ጥሩ ድርድር ነው። ደካማ ውድድር ይዞ ከመቆየት ተራራውን በዓለም ታላላቅ ጋላቢዎች ፊት ማቆም ይበልጣል። ገና በመጀመሪያው ዓመት፣ በ2009፣ አራቴ ላይ ያሸነፈው ኮንታዶር ሲሆን አጠቃላዩንም፣ ማለትም የቀኖቹ ሁሉ ጊዜ ተደምሮ የሚገኘውን ድል፣ እሱ ወሰደ።

ከዚያ ወዲህ ተራራው ብዙ ታሪክ አይቷል። ቩዌልታ በ2012 አራቴ ላይ ቆሞ አሌሃንድሮ ቫልቬርዴ አሸነፈ። በኮቪድ ምክንያት ወደ ጥቅምት የተገፋው የ2020ው ቩዌልታ የመጀመሪያውን ቀን እዚሁ ጨረሰ። ፕሪሞዥ ሮግሊች ዳገቱን ከሌሎቹ ጋር ወጥቶ፣ ከኡሳርትሳ ወዲያ ባለው በዚያ ተንኮለኛ ማለቂያ ላይ አምልጦ ገባ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የ2021 ኢትሱሊያ የመጨረሻ ቀን ነው። መሪው አሜሪካዊው ብራንደን ማክነልቲ ነበር፤ የቡድን ጓደኛው ታዴይ ፖጋቻር። ሮግሊች ገና ብዙ ኪሎ ሜትር ሲቀር ቁልቁለት ላይ ሾልኮ ሄደ። ማክነልቲ ዳገት ላይ ደከመ። ፖጋቻር እሱን ልጠብቅ ወይስ ልሂድ ሲል ጊዜው አለፈ። አራቴ ላይ ሮግሊችና ፈረንሳዊው ዳቪድ ጎዱ አብረው ደረሱ፤ ሮግሊች የቀኑን ድል ለጎዱ ተወለትና አጠቃላዩን ወሰደ። ሁለተኛ ማን ወጣ? ያኔ ብዙ ሰው የማያውቀው ዮናስ ቪንገጋርድ። በሚቀጥለው ዓመት ቱር ደ ፍራንስን አሸነፈ።

የኤይባር ክለብም አልተበተነም። በየዓመቱ ፕሮፌሽናል ላልሆኑ ወጣቶች የሚያዘጋጀው የባለንሲያጋ መታሰቢያ በስፔን ካሉት የአማተር ውድድሮች በጣም ከሚከበሩት አንዱ ነው።