የሞዴል አውሮፕላን ካሞፍላጅና የኤርብረሽ ሥራ በጎንደር

ካሞፍላጅ የሚባለው የማመሳሰያ ቀለም የጦር አውሮፕላን ከላይ ሲታይ ከመሬቱ፣ ከታች ሲታይ ደግሞ ከሰማዩ ጋር ተመሳስሎ ከጠላት ዓይን እንዲሰወር የሚቀባ ቀለም ነው። ይህንኑ ቀለም በ1/72 (ከእውነተኛው መጠን አንድ ሰባ ሁለተኛ)፣ በ1/48 ወይም በ1/32 ልኬት በተሠራ የፕላስቲክ ሞዴል ላይ አሳንሶ መሥራት ራሱን የቻለ የእጅ ሙያ ሲሆን፣ ዋነኛ መሣሪያው ቀለምን በአየር ግፊት አድቅቆ የሚረጨው ኤርብረሽ ነው። ይህ ዳሰሳ ሙያውን ከጎንደር ሁኔታ ጋር አያይዞ ይመለከተዋል፤ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ መገኘቷ፣ የክረምቷ እርጥበትና የበጋዋ አቧራ፣ እንዲሁም ከአየር ጦርነት ታሪክ ጋር ያላት ትስስር እያንዳንዳቸው በሥራው ላይ ተጽዕኖ አላቸው።

በጎንደር ሰማይ ላይ የተገናኙ ሁለት አውሮፕላኖች

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጎንደር በምሥራቅ አፍሪካ የጣሊያን ጦር የመጨረሻ ምሽግ ነበረች። በጄኔራል ጉልዬልሞ ናሲ ይመራ የነበረው ጦር፣ በእንግሊዝ ወገን ወታደሮችና በኢትዮጵያ አርበኞች ተከቦ ከቆየ በኋላ፣ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። ከዚያ አንድ ወር ገደማ ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 14 ቀን፣ ጣሊያናዊው ኢልደብራንዶ ማላቮልቲ ያበረው የነበረው ፊያት ሲ.አር. 42 ተዋጊ አውሮፕላን በደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል ግሎስተር ግላዲየተር ተመትቶ በጎንደር አካባቢ ወደቀ፤ አብራሪውም ሕይወቱ አለፈ። ይህ ውጊያ በምሥራቅ አፍሪካው ዘመቻ የመጨረሻው የአየር ለአየር ግጥሚያ እንደሆነ ይነገርለታል። ሁለቱም ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላኖች ነበሩ፤ የሁለቱም ኪት (ተገጣጥሞ የሚሠራ የሞዴል ክፍሎች ስብስብ) በ1/72 ልኬት ተሠርቶ ለገበያ ቀርቧል፤ ሲ.አር. 42ን ኢታለሪ፣ ግላዲየተርን ደግሞ ኤርፊክስ አምርተውታል። ጎንደር ውስጥ ተቀምጦ ካሞፍላጅ መቀባት ለሚማር ሰው ከእነዚህ ሁለቱ የተሻለ ጥንድ አይገኝም ብሎ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ያምናል፤ ምክንያቱ ታሪካቸው ብቻ ሳይሆን የካሞፍላጅ አሠራራቸው ፈጽሞ የተለያየ መሆኑ ነው።

ሲ.አር. 42 ብዙውን ጊዜ ይቀባ የነበረው የአሸዋ ቢጫ መደብ ላይ አረንጓዴና ቀላ ያለ ቡናማ ነቁጦች ተረጭተውበት ነው፤ ሆዱ ግራጫ ነበር። በጥርና በየካቲት ከጎንደር ዙሪያ ከፍታዎች ላይ ሆኖ ቁልቁል የተመለከተ ሰው፣ የደረቀውን ሣር፣ የታረሰውን ማሳና ጥድና ወይራ የቀሩበትን አጸድ አይቶ ይህ ዝንጉርጉር ቀለም ለምን እንደተመረጠ ወዲያው ይገባዋል። በጭራው መሪ ላይ የጣሊያን ንጉሣዊ ቤተሰብ የሆነው የሳቮይ ቤት ነጭ መስቀል፣ በክንፎቹ ላይ ደግሞ በክብ ውስጥ ሦስት የፋሽስት ዘንጎች ይታዩ ነበር።

የእንግሊዝ ሥርዓት ግን ነቁጥ አያውቅም። ጠቆር ያለ አረንጓዴና አፈርማ ቡናማ በሰፋፊ ጠመዝማዛ መደቦች ተከፋፍለው የላይኛውን ገጽ ይሸፍናሉ። በግላዲየተር ላይ ግን ብዙዎች የማያስተውሉት አንድ ብልሃት አለ፤ የላይኛው ክንፍ በታችኛው ላይ ጥላ ስለሚጥል፣ የታችኛው ክንፍ የላይ ገጽ ፈካ ባለ አረንጓዴና ፈካ ባለ ቡናማ እንዲቀባ ሥርዓቱ ያዝዝ ነበር። ይህ ማለት ባለ ሁለት ቀለም የሚመስለው አውሮፕላን ለሠሪው አራት ቀለም ይሆንበታል። እያንዳንዱ አውሮፕላን በግንባሩ እንደገና ተቀብቶ ሊሆን ስለሚችልም፣ ከኪቱ ጋር የሚመጣውን መመሪያ ከማመን በፊት የዚያኑ አውሮፕላን ፎቶግራፍ መፈለግ ይገባል።

መሣሪያውና አየሩ

ኤርብረሽ የተፈለሰፈው ለሞዴል ሥራ አይደለም። አሜሪካዊው አብነር ፒለር እ.ኤ.አ. በ1879 የመጀመሪያውን ዓይነት ሠራ፤ ቻርልስ በርዲክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1893 ዛሬ ለሚታወቀው ቅርጽ የቀረበውን የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ለረጅም ጊዜም ፎቶግራፍ ለማስተካከልና ለሥዕል ሲያገለግል ቆይቷል። ለካሞፍላጅ የሚመረጠው ባለ ድርብ እንቅስቃሴው ነው፦ ቃታው ወደ ታች ሲጫን አየር፣ ወደ ኋላ ሲሳብ ቀለም ይለቃል፤ ሁለቱም በአንድ ጣት ይመጠናሉ። የአፍንጫው ስፋት ለመደብ ቀለም 0.3 ሚሊ ሜትር፣ ለነቁጥ ደግሞ 0.2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይመረጣል፤ 0.5 ሚሊ ሜትሩ ለቫርኒሽና ለትልልቅ ሞዴሎች ነው።

የአየር ምንጭ ባለ ታንክ ትንሽ ኮምፕሬሰር ቢሆን መልካም ነው፤ ታንኩ ግፊቱን ያረጋጋል፤ መብራት በድንገት ቢጠፋም የተጀመረውን መስመር ለመጨረስ ጊዜ ይሰጣል። ኮምፕሬሰር የሌለው ሰው ጎሚስታ ቤት በሚገባ ያስነፋውን ስኮርታ ጎማ ከግፊት መቆጣጠሪያ ጋር አገናኝቶ መሥራት ይችላል። የአንድ የቤት መኪና ጎማ አየር የሚያሠራው ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ቢሆንም፣ ድምፅ የለውም፣ መብራትም አይፈልግም። የጋራዥ ቀለም ቀቢዎች ትልቁ ኮምፕሬሰርም ያገለግላል፤ ነገር ግን ቱቦው ዘይትና ውኃ ይዞ ስለሚመጣ ማጣሪያ ሳይገጥሙ ከኤርብረሽ ጋር ማገናኘት ሥራን ማበላሸት ነው።

ከፍታው የሚያመጣው ለውጥ

በቀለም አምራቾች መመሪያ ላይ የሚነበበው የማቅጠኛ መጠን በአብዛኛው ቆላማ አገርን ታሳቢ ያደረገ ስለሆነ፣ ጎንደር ላይ እንዳለ ሲወሰድ አያዋጣም። በዚህ ከፍታ የከባቢ አየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ከአምስት እጅ አራት እጅ አይሞላም፤ ስለዚህ ውኃም ሆነ አልኮል ወይም ቲነር ፈጥኖ ይተናል። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት ይህ ይብሳል፤ የተረጨው ጠብታ ሞዴሉ ላይ ከመድረሱ በፊት ግማሽ መንገድ ላይ ይደርቅና ገጹ ሲዳሰስ ይሻክራል። ቀለም በመርፌው ጫፍ ላይ ደርቆ ይጠራቀማል፤ ከዚያም ያልታሰበ ጊዜ ተስፈንጥሮ ይረጫል።

መፍትሔው ሦስት ነገር አጣምሮ መያዝ ነው። ቀለሙን ከመመሪያው ይበልጥ ማቅጠን፣ ማድረቂያ ፍጥነትን የሚቀንስ ማዘግያ ጠብታ መጨመር፣ ከሞዴሉም ያለውን ርቀት ማሳጠር ያስፈልጋል። የመርፌውን ጫፍ በየጊዜው በቲነር በራሰ የጆሮ ኩክ ማውጫ ጥጥ መጥረግም ልማድ ሊሆን ይገባል። በደንብ የቀጠነ ቀለም በኩባያው ግድግዳ ላይ ወተት እንደሚወርደው ይወርዳል፤ ከዚያ የወፈረ ለመደብም አይሆንም። ግፊቱ ለመደብ ቀለም ከ1 እስከ 1.4 ባር ይበቃል።

ክረምት ሌላ መልክ አለው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ አየሩ ስለሚረጥብ በኮምፕሬሰሩ ውስጥ ውኃ ይቋጠራል፤ የውኃ ማጥመጃ ከሌለ ጠብታው ከቀለሙ ጋር ወጥቶ ክንፉ ላይ ያርፋል። ቶሎ የሚደርቅ ላከር ቫርኒሽ በዝናብ ሰዓት ሲረጭ ደግሞ ነጭ ጭጋግ ያወጣል። ስለዚህ በክረምት ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ ሳለ መርጨት፣ ከሰዓት በኋላውን ለመሸፈንና ለማድረቅ መተው ይሻላል።

ቁሳቁስና የመጀመሪያው ንብርብር

አብዛኛው ኪት ከፖሊስታይሪን የተሠራ ነው። ይህ ፕላስቲክ በአሴቶንና በመኪና ቀለም መደብሮች በሚሸጠው ጠንካራ ቲነር ስለሚሟሟ፣ ቲነሩን በቀጥታ ማፍሰስ ወይም ወፍራም የመኪና ቀለም መደረብ የክንፉን ስስ ጠርዝ ያቀልጠዋል። ለታሚያና ለቫሌሆ ዓይነት አክሪሊክ ቀለሞች የየራሳቸው ማቅጠኛ አላቸው፤ ለታሚያ ቀለም አይሶፕሮፒል አልኮልም ይሠራል። የሐምብሮል ኢናሜል ቀለም ግን በነጭ ጋዝ ወገን ማቅጠኛ ስለሚቀጥን ሽታው ከባድ ነው። በየትኛውም ቢሠራ መስኮት መክፈትና ለኬሚካል ትነት የተሠራ ጭንብል ማድረግ ግድ ነው፤ ለአቧራ የሚደረገው የጨርቅ ማስክ ትነቱን አያስቀርም።

ሞዴሉ በሳሙናና በውኃ ይታጠባል፤ ከዚያ ከቀለሙ በፊት የሚቀድም ቀጭን ግራጫ መነሻ ሽፋን (ፕራይመር) ይረጭበታል። ግራጫው የመጋጠሚያ ስንጥቅና የብርጭቆ ወረቀት ጭረት ወዲያው ስለሚያሳይ፣ የቀረውን ጉድለት ለማረም የመጨረሻው ዕድል ነው። ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላን ከሆነ የላይኛው ክንፍ ሳይገጠም ለብቻው መቀባት አለበት፤ ከተገጠመ በኋላ ኤርብረሽ በሁለቱ ክንፎች መካከል አይገባም።

የቀለም ድንበር

የካሞፍላጅ ሥራ የሚፈተነው ሁለት ቀለሞች በሚገናኙበት ድንበር ላይ ነው። በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ ቀለሞቹ እርስ በርስ የሚዋሐዱበት ስፋት ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ በ1/72 ልኬት ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። በነጻ እጅ የሚረጭ ጀማሪ ግን አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር የደበዘዘ ጠርዝ ያወጣል፤ ይህ በእውነተኛው ላይ ከሰባት እስከ አሥራ አራት ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ሞዴሉ መጫወቻ የሚመስለው ብዙውን ጊዜ በቀለሙ ምርጫ ሳይሆን በዚህ ጠርዝ ምክንያት ነው። በተቃራኒው በመሸፈኛ ፕላስተር በቀጥታ የተከለለ ጠርዝ እንደ ምላጭ የተሳለ ይሆናል፤ እርከንም ይተዋል።

መሃከለኛው መንገድ ሽፋኑን ከገጹ ጥቂት ከፍ አድርጎ መያዝ ነው። የካሞፍላጁ ሥዕል ፎቶ ኮፒ ቤት በሞዴሉ ልክ እንዲያድግ ወይም እንዲያንስ ተደርጎ ይባዛል፤ የክንፉ ርዝመት ለማመሳከሪያ ያገለግላል። የሲ.አር. 42 የላይኛው ክንፍ 9.7 ሜትር ስለሆነ በ1/72 ልኬት 13.5 ሳንቲ ሜትር፣ በ1/48 ደግሞ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ መውጣት አለበት። የግላዲየተሩ ሥዕል በዚሁ መንገድ ከተስተካከለ በኋላ የአረንጓዴው መደብ ቅርጽ በመቀስ ይቆረጣል፤ ቅባት በማይለቅ ለስላሳ ማጣበቂያ ቁራጭ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ክንፉ ላይ ይቀመጣል። ኤርብረሹ ወደ ገጹ ቀጥ ብሎ መያዝ አለበት፤ ወደ ወረቀቱ ሥር አዘንብሎ ከተረጨ ድንበሩ ተመልሶ ይደበዝዛል።

ቅደም ተከተሉ ሆዱን አስቀድሞ፣ ከላይ ደግሞ ፈካ ያለውን ቀለም ከጠቆረው በፊት መርጨት ነው። ትንሽ ነገር ከሩቅ እንደሚታይ ትልቅ ነገር ስለሚቆጠር፣ ብዙ ሠሪዎች ቀለሙን ጥቂት ነጭ ወይም ፈካ ያለ ግራጫ ጨምረው ያፈኩታል፤ ሞዴሉ ባነሰ ቁጥር ማፍካቱ ይጨምራል። ይህን በመቶኛ ከመለካት ይልቅ የተቀባውን ቁራጭ ደጅ አውጥቶ በቀን ብርሃን ማየት ይሻላል፤ ቢጫ አምፖል ሥር ትክክል የመሰለ አፈርማ ቡናማ በጎንደር የቀትር ፀሐይ ሌላ መልክ ይዞ ይገኛል።

ነቁጡ

የሲ.አር. 42 ዝንጉርጉር በወረቀት ሽፋን አይሠራም፤ እያንዳንዱ ነቁጥ በእጅ ይረጫል። 25 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ነቁጥ በ1/72 ልኬት 3.5 ሚሊ ሜትር፣ በ1/48 ደግሞ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ለዚህ ግፊቱ ወደ 0.7 ባር ይወርዳል፤ ቀለሙ አንድ እጅ ከሆነ ማቅጠኛው ሁለት ወይም ሦስት እጅ ይሆናል፤ አፍንጫው ከገጹ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይርቃል። መጀመሪያ አየሩ ይከፈታል፤ ከዚያ ቃታው በጣም በጥቂቱ ወደ ኋላ ይሳባል፤ ቀለሙ መታየት ሲጀምር እጅ ክብ እየሠራ ይንቀሳቀሳል። በአንድ ጊዜ ለመሙላት የሞከረ ሰው ቀለሙ በአየሩ ተገፍቶ እንደ ሸረሪት እግር ሲበተን ያያል። ስስ አድርጎ ሦስት ጊዜ መመላለስ ይሻላል። በየመካከሉ ያረጀ ፕላስቲክ ማንኪያ ላይ እየሞከሩ መመለስም ጠቃሚ ነው።

አረንጓዴው ካለቀ በኋላ ቡናማው ይከተላል፤ በመጨረሻም በጣም የቀጠነ የአሸዋ ቢጫ በነቁጦቹ መካከል ይረጭና የተበተነው ብናኝ ይሸፈናል። ይህን የመጨረሻ እርምት የሚዘሉ ብዙ ናቸው፤ ያልተዘለለበት ሞዴል ግን ከሩቅ ይለያል።

የኢትዮጵያ አየር ኃይል አውሮፕላኖች

አንባቢው የአገሩን አውሮፕላን ለመሥራት ቢፈልግ ምርጫው ሰፊ ነው። የመጀመሪያው ፖቴዝ 25 አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከጦርነቱ በኋላ የስዊድን ሳብ 17፣ ቀጥሎም የአሜሪካ ኤፍ-86 እና ኤፍ-5፣ ከ1969 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ የሶቪየት ሚግ-21 እና ሚግ-23 መጥተዋል። ኤፍ-86 በተራቆተ ብረት መልኩ ስለሚታወቅ ከካሞፍላጅ ውጭ ነው። ለኋለኞቹ ጄቶች የሚሠራው በድንበሩ ላይ የተነገረው ዘዴ ነው። አርማው ከዘመን ዘመን ስለተለወጠ ፎቶግራፉ የተነሣበትን ዓመት ማጣራት ያስፈልጋል።

ማጠቃለያ ንብርብሮች

ደብዛዛ ቀለም ላይ በቀጥታ የተለጠፈ ምልክት ከሥሩ አየር ይይዝና የብር ነጸብራቅ ያወጣል፤ ስለዚህ አስቀድሞ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ይረጫል። ምልክቶቹ ከደረቁ በኋላ በክንፉ መስመሮች ውስጥ ጠቆር ያለ የቀጠነ የዘይት ቀለም ይፈስሳል፤ ትርፉ በጨርቅ ይጠረጋል። በመጨረሻ የሚረጨው ደብዛዛ ቫርኒሽ ቀለሞቹን ሁሉ አንድ ያደርጋል። በበጋ ጎንደር አቧራዋ ብዙ ስለሆነ ቫርኒሹ እስኪደርቅ ሞዴሉን ካርቶን መሸፈን ይገባል። የግላዲየተር የክንፍ ሽቦዎች ከዚህ በኋላ ከቀጭን ናይለን ክር ይገጠማሉ፤ የሲ.አር. 42 ክንፎች ግን በጠንካራ ዘንጎች የተያያዙ ስለሆኑ ይህን ሥራ ብዙም አይጠይቁም።